ዜሮ ብዬ የጻፍኩት ድምፅ

የተወለድኩበት ሰፈር የነበረበት የምርጫ ክልል ዛሬ የለም። ወሰኑ እንደገና ሲከለል ግማሹ ከሌላኛው የደብረ ማርቆስ ክልል ጋር ተቀላቀለ፤ ግማሹ ደግሞ በአምበር መንገድ ላይ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር ሆነ። ሰው ስለዚህ ነገር ብዙም አላወራም። የሰፈራችን ሰው የምርጫ ክልል እንዳለው ትዝ የሚለው በምርጫ ሰሞን ብቻ ነበር።

እኔ የምሠራው ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የተማርኩት ሰው ኮፒ ሊያስደርግ የሚያመጣውን ሁሉ በማንበብ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው ከሟች አባታቸው ሣጥን ያገኙትን ወረቀት ይዘው መጡ። ጠርዙን አይጥ የበላው የክልላችን የድሮ ዕጩዎች ዝርዝር ነበር። አንድ ለእሳቸው፣ በፈቃዳቸው ደግሞ አንድ ለራሴ አወጣሁ። "ምን ያደርግልሃል?" አሉኝ። የክልሉን የምርጫ ታሪክ መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው።

አጻጻፌ እንዲህ ነበር። አንድ ሰው የነገረኝን በአንድ ደብተር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ያንኑ ነገር ሌላ ሰው፣ ከመጀመሪያው ጋር ሳይነጋገር፣ ከነገረኝ በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ። በገጹ ዳር የሁለቱንም ሰዎች ማንነት አሰፍራለሁ። በዚህ መንገድ ከአራት ዓመት በላይ ሠራሁ። በጃንሆይ ጊዜ መምረጥ የጀመሩ አንድ ሽማግሌ ተወዳዳሪዎቹን በስም አያስታውሷቸውም፤ ማን ምን ምልክት እንደያዘ ግን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። "ሰውየውን ምን አውቀዋለሁ፤ ያወቅሁት በሬውን ነው" ይላሉ። በገበያው በር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ደግሞ በደርግ ጊዜ ሦስት ዕጩ ይቀርብ እንደነበረ፣ ሦስቱንም የሚያቀርባቸው ግን አንድ አካል እንደነበረ ነገሩኝ። "ሦስት ሸሚዝ ከአንድ ጣቃ" አሉኝ፣ ጨርቁን እየለኩ። ከዚያ በኋላ የመጡትን ምርጫዎች የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። አንዱ በር ዘግቶ ያወራኛል፤ ሌላው "ይህን አትጻፈው" ብሎ ይነግረኛል። አትጻፍ የተባልኩትን አልጻፍኩም።

በደብተሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእስክሪብቶ የጻፍኩት አንድ መስመር ብቻ ነበር። ክልሉ ከመፍረሱ በፊት በተደረገው የመጨረሻ ምርጫ፣ በሰፈራችን የምርጫ ጣቢያ፣ የመሰላል ምልክት የያዙት የግል ተወዳዳሪ ዜሮ ድምፅ አገኙ። ይህን ማንንም አልጠየቅሁም። ቁጥሯን ያን ጊዜ በውጤቱ ቅጽ ላይ የጻፍኳት እኔ ነበርኩ።

እኚያ ተወዳዳሪ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከዋናው መንገድ ማዶ ስለሆነ የሚመርጡት በሌላ ጣቢያ ነው፤ ሥራቸው ግን የኛው ሰፈር ውስጥ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየቅዳሜው ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ትልልቅ ሰዎችን ማንበብና መጻፍ ያስተምሩ ነበር፤ ያለ ክፍያ። ተማሪዎቻቸው ብቅልና ጌሾ ነጋዴዎች፣ እንጨት ሻጮች፣ አንድ ሸማኔ፣ ሁለት ዘበኞችና ሆስፒታል ልብስ የምታጥበው እናቴ ነበሩ። መምህሩ ሁሉንም እርስዎ ይሏቸው ነበር። እናቴን በሕይወቷ እርስዎ ያላት የመጀመሪያው ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከሀ ሁ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ በካርቶን ላይ ይጽፉለታል፤ "ፊደሉ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ስምዎን" ይላሉ። ተማሪው ካርቶኑን እያየ ይገለብጣል፣ ወር ሁለት ወር። ካርቶኑን ሳያይ የጻፈ ቀን መምህሩ የክፍሉን መዝገብ ያወጡና ሲመዘገብ በጣቱ የፈረመበትን ቦታ በአንድ መስመር ይሰርዙታል። ከጎኑ በራሱ እጅ ያስፈርሙታል። ክፍሉም ያጨበጭባል። "ከእንግዲህ ጣትዎን ማንም ይዞ ቀለም ውስጥ አይነክርም" ይሏቸው ነበር።

እናቴ ስሟን ከቻለች በኋላ ቀበሌ ጉዳይ ይዛ ሄደች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። ጸሐፊው እንደለመደው የማኅተም ቀለሙን ወደ እሷ ገፋ።

"እሱን ለሚፈልገው አስቀምጥለት" አለችው። "እስክሪብቶ የለህም እንዴ?"

እየጻፈች ሳለ ሦስት ሰው ተራ ጠበቀ። የመጀመሪያውን ፊደል ሁልጊዜ ትልቅ አድርጋ ስለምትጀምር የአያቷ ስም ቦታ ያጣና ወደ ላይ ይታጠፋል። ጸሐፊው ሣቀ። እኔ ደግሞ መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት አይሆንም።

መምህሩ በግል እወዳደራለሁ ያሉት የአዳራሹን ጣራ የሚያስጠግን ሰው ስላጡ ነው ይባል ነበር። ደጋፊ ፊርማ ሲሰበስቡ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ፈረሙላቸው፤ በጣት ሳይሆን ስማቸውን ጽፈው። ምልክት ሲመርጡ የቀረው መሰላል ነበር። "ቢያንስ ወደ ላይ ነው" አሉ። በየጣቢያው ወኪል የማስቀመጥ መብት ነበራቸው፤ በሰፈራችን ጣቢያ ግን አላስቀመጡም። "በተማሪዎቼ ላይ ጠባቂ አላቆምም" ብለዋል ተባለ።

እኔ በዚያ ምርጫ ከአስፈጻሚዎቹ አንዱ ሆንኩ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ነው የተመረጥኩት። ሥልጠናው ላይ የተሰጠንን መመሪያ በሁለት ቀን በቃሌ ያዝኩት። ሌሎቹ ሲጠራጠሩ እኔን ይጠይቁ ጀመር፤ ይህም ደስ ይለኝ ነበር። አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ ስወጣ እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ዛሬስ እርስዎ ልበልህ" አለችኝ።

የምርጫው ቀን ማለዳ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ስለነበር፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዝ ነበር። ሥራዬ በሩ ላይ ቆሜ ሰልፈኛው እንዴት እንደሚመርጥ ማስረዳት ነበር፦ ከመረጡት ምልክት ጎን የኤክስ ምልክት ወይም የጣት አሻራ፤ ሌላ ምንም ጽሑፍ አይጻፍም። ይህን በመመሪያው ቋንቋ፣ በፍጥነት፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ አነበብኩት። መስማታቸውን አላጣራሁም። ከተማሪዎቹ መካከል ቀድመው የደረሱት አንዲት ብቅል ነጋዴ ነበሩ፤ በክፍሉ ውስጥ ስማቸውን መጀመሪያ የቻሉት እሳቸው ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ቆዩ። በጣም ቆዩ። ወረቀታቸውን አጥፈው ኮሮጆው ውስጥ ከከተቱ በኋላ በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ሁሉ ይሥቅ ነበር።

"ጻፍኩት" አሉኝ። "ከነአያቴ።"

ገባኝ። ወዲያውኑ ነው የገባኝ። የመራጩን ማንነት የሚያሳይ ወረቀት ዋጋ እንደሌለው ከጣቢያው ሰዎች ሁሉ አስበልጬ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የሳቸው ወረቀት አንዴ ኮሮጆ ገብቷል፤ ለእሱ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። ግን እዚያው ቆመው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

"ስማችሁን ጻፉ እናንተ! ጣት እንዳታስይዟቸው። ጣት የሚይዙት ድሮ ነው።"

"ቦታው አይጠብም?" አለ ሸማኔው።

"ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል። ትንንሽ አድርጋችሁ።"

እናቴ ስድስተኛ ላይ ነበረች። ወደ እኔ አየች። ፊቴ ላይ ማረጋገጫ የፈለገች ይመስለኛል። እኔ ወደ ወረቀቴ ዞርኩ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ለብዙ ጊዜ ለራሴ እንዲህ ስል ነበር፦ የፓርቲዎቹ ወኪሎች ደብተር ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እናቴ የመምህሩ ተማሪ መሆኗን ያውቃሉ፤ ለእነዚህ ሰዎች ለይቼ ብናገር አድልዎ ይሆናል። ግን ለይቼ መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ለሰልፉ በሙሉ አንድ ጊዜ ደግሜ ባነበው ማንም ምንም አይለኝም። ሥራዬም እሱ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ብቅል የሚሸቱ፣ ጮክ ብለው የሚያወሩ፣ ስም መጻፍን እንደ ትልቅ ነገር የሚያወሩ ሴቶች አንድ በአንድ "አየኸኝ የእገሊት ልጅ" እያሉኝ ሲያልፉ አፈርኩባቸው። ከእነሱ ወገን መሆኔ እንዳይታይብኝ ነው ዝም ያልኩት።

ምርጫው ተዘግቶ ኮሮጆው ሲከፈት የመጀመሪያዋን ወረቀት የጣቢያው ኃላፊ ብርሃን ላይ አደረጓት። ከሌላ ከተማ ተመድበው የመጡ፣ ረጋ ያሉ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። ከመሰላሉ ጎን ባለችው ሣጥን ውስጥ ሦስት ስም ተጣቧል፤ ሦስተኛው ከሣጥኑ ወጥቷል።

"ሴትዮዋ ለማን እንደሰጡ ግልጽ ነው" አሉ ኃላፊው። "ምን ይላል መመሪያው? አንተ ታውቀዋለህ።"

አላነበብኩትም፤ በቃሌ አልኩላቸው።

"ግን ሆን ብለው አይደለም" አሉ።

"ሆን ብሎና ሳያውቅ ብሎ አይለይም" አልኳቸው።

ሌላ አገኙ። ሌላም። ሦስተኛዋ ላይ ከወኪሎቹ አንዱ፣ ወጣት ነው፣ "እነዚህ ድምፅ የሰጡ ሳይሆን ማመልከቻ ያስገቡ ነው የሚመስሉት" አለ። ሰው ሁሉ ደክሞት ስለነበረ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። እየሣቅሁ ያነሣኋት ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ መጨረሻው ወደ ላይ የታጠፈ ስም ነበር። ከተበላሹት መካከል አደረግኋት፤ ከላይ ሳይሆን ከሌሎቹ ሥር።

አሥራ ስምንት ነበሩ። ሦስት ጊዜ ቆጠርናቸው። ቅጹ ላይ መሰላል ከሚለው ጎን ዜሮ ጻፍኩ፤ አሥራ ስምንቱ ከሌሎች ከተበላሹ ወረቀቶች ጋር በአንድ ቁጥር ተደመሩ። ቅጹ ለምን ተበላሸ ብሎ አይጠይቅም። ከዚያም በጽሕፈቴ ገልብጬ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ጠዋት መምህሩ መጡ። ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መሰላል ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመች። እኔ ወንበሮቹን እያወጣሁ ነበር።

"ልጄ፣ ይህቺ ቁጥር አልተሳሳተችም?"

"አልተሳሳተችም ጋሼ። ሦስት ጊዜ ቆጥረናል።"

ከዚያ "ጽሕፈትህ ያምራል" ብለውኝ ሄዱ።

ማን ለማን እንደሰጠ እንዳንናገር ቃል አስገብተውናል። በዚህ ተሸሸግሁ። ስም ሳልጠራ "ወረቀቶቹ በስሕተት ተበላሽተው ነው" ብላቸው ግን ቃሌን አላፈርስም ነበር። ቤት ስገባ እናቴ ቀድማ ሰምታ ነበር።

"የኔም ጠፋ?" አለችኝ።

"የማንንም ድምፅ አላየሁም" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ተማሪዎቹ ድምፃችን ተሰረቀ አሉ። ብቅል ነጋዴዋ መንገድ ላይ አስቁመውኝ "አንተ ልጅ፣ የኛ የት ገባ?" ሲሉኝ "ተቆጥሯል" አልኳቸው። እሱም እውነት ነበር።

መምህሩ በዚያው ሳምንት ልጃቸው ዘንድ ሄደው ወር ያህል ቆዩ። ሲመለሱ የአዳራሹን ቁልፍ ለቀበሌ አስረከቡ፤ "ደከመኝ" አሉ። ተማሪዎቹ ሁለት ቅዳሜ ደብተር ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ሲያገኟቸው "መረጥንዎ እኮ" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሳያስጨርሷቸው ያልፋሉ። ሻይ ቤት ያሉ ጎረምሶች "ጋሼ፣ መሰላሉን ለቀለም ቀቢ አያከራዩትም?" ሲሏቸው ፈገግ ይሉ ነበር። የጎዳቸው እሱ አልነበረም። እርስዎ እያሉ ስም ያስጻፏቸው ሰዎች አንድ ሳይቀሩ ፊት ለፊት ዋሽተውኛል ብለው አመኑ። በሰፈራችን በኩል ማለፍ ተዉ። ለሠርግም ለለቅሶም አልመጣ አሉ።

እናቴ የሞተችው ካቻምና ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ መምህሩ አልመጡም። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዲት ጎረቤት "ስሟን ያስተማራት ሰው ቢቀር ምን ይባላል?" አሉ። ሌላው "ስላልመረጥነው ቂም ይዞ ነው" አለ። "ትዕቢት ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል" አሉ ብዙዎቹ። ለምን እንደቀሩ ከድንኳኑ ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀና ብዬም አላየሁ። ይባስ ብዬ፣ ስላልመጡ እኔም ከልቤ ተቀይሜያቸው ነበር።

ደብተሩ ወደ ማለቁ ሲደርስ ለመምህሩ ይዤላቸው ሄድኩ። ከዚያ በፊት በነበሩ ምርጫዎች የሕዝብ ታዛቢ ስለነበሩ በእርሳስ የቀሩትን መስመሮች የሚያረጋግጥልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለዚያ ነው የምሄደው ብዬ ነበር። ሳምንት አስቀምጠውት በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። የአንድ ዕጩ ሥራ ተሳስቷል፤ አንዱ ጣቢያ የነበረው ትምህርት ቤት ሳይሆን ወፍጮ ቤት ነው። እርማታቸው ሁሉ ትክክል ነበር። አጠገባቸው አስቀምጠውኝ ገጽ በገጽ አስረዱኝ፤ መጨረሻው ላይ ደረስን።

"በየገጹ ዳር የነገሩህን ሰዎች ጽፈሃል፣ ጥሩ ነው" አሉ። "እዚህች ላይ ግን የለም። ከማን ሰማህ?"

"እኔ ራሴ ነበርኩ ጋሼ።"

"አንድ ሰው ነው እንግዲህ። ሁለተኛው ማነው?"

አፋቸው ላይ ፌዝ አልነበረም። እንደማንኛውም ስሕተት ሊያርሙልኝ ነው። የዚያን ጊዜ ነገርኳቸው። ስለ መጋረጃው፣ በሩ ላይ ስለሰማሁት፣ ስለ መመሪያው፣ ስለ ሣቄ፣ ሁሉንም። ሣቄን ልዘለው ነበር፤ አልዘለልኩትም።

"ስንት?" አሉ።

"አሥራ ስምንት።"

"ስማቸውን አትንገረኝ። ያ የነሱ ሚስጥር ነው።"

"የእናቴን ግን ልነግርዎ እችላለሁ።"

እስክሪብቷቸውን ከደኑ። "እናትህ" አሉ። "ለቅሶዋ ላይ አልነበርኩም።"

"አዎ።"

"ለምን እንደቀረሁ አውቀህ ነበር?"

"አዎ ጋሼ።"

ተነሥተው የክፍሉን መዝገብ ከመደርደሪያ አወረዱ። ቁልፉን ሲያስረክቡ እሱን አላስረከቡትም ኖሯል። የተሰረዙት የጣት ምልክቶችና ከጎናቸው ያሉት ፊርማዎች እየታዩ ገጾቹን ገለጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። የሞቱትን እየቆጠሩ እንደሆነ የገባኝ "ስድስት ለቅሶ" ሲሉ ነው። ከዚያ "ነገ ቅዳሜ ነው። ካንተ ቤት እንጀምር፤ ከዚያ አብረኸኝ ትዞራለህ" አሉኝ።

ለቅሶ ዘግይቶ የመጣ ሰው በኛ አገር "አልሰማሁም ነበር" ይላል። ቢሰማም ይላል፤ ባለቤቶቹም ያምኑታል፤ ለሁለቱም ይቀላል። መምህሩ እኛ ቤት ገብተው ተቀምጠው እህቴን "እግዜር ያጥናሽ" ካሏት በኋላ "ሰምቼ ነው የቀረሁት" አሏት።

እህቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "ለምን?"

"እሱ ይንገርሽ" አሉ ወደ እኔ እያዩ።

ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። "እማዬ ጠይቃህ ነበር እኮ" አለችኝ። "ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አላየሁም ስትላት።" ሌላ አልጨመረችም። ለመምህሩ ምሳ አቀረበች፤ ለእኔም አቀረበች።

ከዚያ ሸማኔው ቤት ሄድን፤ እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ሚስቱ አሉ። ከዚያም ሌሎች ቤቶች። በየቤቱ መምህሩ "ሰምቼ ነው የቀረሁት" ይላሉ፤ ቤተሰቡ ያያቸዋል፤ ቀጥሎ የምናገረው እኔ ነኝ። የማንንም ድምፅ ሳልጠራ "ወረቀቶች ተበላሽተው ነበር፣ አውቄ ዝም አልኩ" እላለሁ። አራተኛው ቤት ላይ ነገሩ እየቀለለኝ መጣ። ቃላቱ ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ የት ላይ ድምፄን ዝቅ እንደማደርግ አወቅሁ። ስንወጣ መምህሩ በሩ ላይ ቆም ብለው "አታሳምረው" አሉኝ።

በመጨረሻ ብቅል ነጋዴዋ ጋ ደረስን። እሳቸው በሕይወት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ሰሌን ላይ ብቅል አስጥተው እያገላበጡ ነበር። መምህሩን ሲያዩ ለመነሣት ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው።

"ተዉ፣ አይነሡ" አሉ መምህሩ። ከጎናቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ጠፉ እኮ መምህር። ምን በደልን?"

መምህሩ ወደ እኔ አዩ። ለእሳቸው የወረቀቱን ነገር ሳልደብቅ መናገር እችል ነበር፤ የራሳቸው ነውና። ሳላሳምር ነገርኳቸው። እጃቸው ብቅሉ ላይ ቆመ።

"ታዲያ አንተ በሩ ላይ ቆመህ አልነበር?" አሉኝ።

"ነበርኩ።"

"ጻፍኩት ስልህ ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ሌሎቹን ጻፉ ስላቸውስ?"

"እሱንም።"

ብቅሉን አንድ ሁለቴ በመዳፋቸው ደለደሉት። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቢሰድቡኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ያዩት እኔን ሳይሆን መምህሩን ነው።

"እንግዲያው እኔ ነኝ የጣልኩዎት" አሏቸው። "አፌን ብዘጋ ሌሎቹ ጣታቸውን ይሰጡ ነበር። ሰው መሆኔን ላሳይ ብዬ።"

"የለም፣ የለም" አሉ መምህሩ። "እኔ ነኝ። ጣት አትስጡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። በምርጫ ጊዜ እንዲህ ይደረጋል ብዬ አንድ ቅዳሜ እንኳ አላስተማርኳችሁም። ከዚያ ደግሞ ዋሹኝ ብዬ አመንኩ።"

"እኛ እንዴት እንዋሽዎታለን?"

"አዎ። እሱን ማወቅ ነበረብኝ።"

ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ጥፋቱን ተካፈሉት፤ አንዱ ከሌላው ላይ እያነሣ ወደ ራሱ እያደረገ። ለእኔ የተረፈ አልነበረም። ጣልቃ ገብቼ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አንዴ ደግሜ ባነብላችሁ ይበቃ ነበር" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ።

ብቅል ነጋዴዋ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምፀት ካለ ብዬ በደንብ አየሁ፤ አልነበረም። ሰው ጎረቤቱን ልጅ እንደሚያጽናና ነው የተናገሩት።

"አንተማ ሥራህን ነው የሠራኸው ልጄ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ብቅላቸው ተመለሱ።